ኮንዊ (ሰሜን ዌልስ) በአንድ ቀን፦ ከግንቡ ሌላ ምን ይታያል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ከማንቸስተር በባቡር ደርሶ መልስ ኮንዊን ልናይ አስበናል። ሁለት ልጆች (6 እና 9 ዓመት) እና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ አብረውን ናቸው። መኪና የለንም። ከምን እንጀምር? ለእናቴስ የሚመቸው የቱ ነው?

መልስ 1
ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባቡሩ ላይ ነው። ከማንቸስተር በቀጥታ የሚመጣው ባቡር መጨረሻው ላንዱድኖ ከሆነ ኮንዊን አይነካም። ላንዱድኖ ሳትደርሱ ላንዱድኖ ጀንክሽን ውረዱ። ሁለቱን ስም አታምታቱ። ከዚያ በእግር 20–25 ደቂቃ ነው፤ ውኃውን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ስትሄዱ ግንቡ ከፊታችሁ እየቀረበ ይመጣል፣ ከዚህ የተሻለ እይታ የለውም። እናትዎ መራመድ ካልቻሉ ወደ ባንጎር የሚሄደውን ባቡር ይያዙ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ኮንዊ ነው። ግን እዚያ የሚቆመው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ለመውረድ ለትኬት ተቆጣጣሪው አስቀድሞ መንገር፣ ለመሳፈር ደግሞ ሹፌሩ እንዲያያችሁ እጅ ማውጣት ያስፈልጋል። ፕላትፎርሙም አጭር ስለሆነ በየትኛው ፉርጎ እንደምትወርዱ ጠይቁ።

መልስ 2
ግንቡን በጠዋት ግቡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከ1283 እስከ 1287 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው፣ 8 ትልልቅ ማማዎች አሉት። ወደ ማማዎቹ የሚወስዱት ጠምዛዛ ደረጃዎች ጠባብ ናቸው፤ ሰው ሲበዛ ወጪና ወራጅ መሐል ላይ ይገጣጠማል። ለእናትዎ ደረጃው አይሆንም።

የከተማውን ቅጥር ግን አትዝለሉ። 1.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 21 ማማና 3 በሮች አሉት፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከፍተኛው ቦታ ላይኛው በር አጠገብ ነው። ከዚያ ጀምሮ ወደ ወደቡ መውረድ ከታች ሽቅብ ከመውጣት በጣም ይቀላል።

ጠያቂ
ቅጥሩ ላይ የ6 ዓመት ልጅ ይዞ መውጣት አያሰጋም?

መልስ 2
እጁን ከያዛችሁት ችግር የለም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ያን ቀን ይቅርባችሁ። የልጅ ጋሪ ጨርሶ አይሆንም።

መልስ 3
እናትዎ ወደቡ ዳር ይቀመጡ፣ ሜዳ ነው። እዚያው ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ወርዷ 1.8 ሜትር የሆነች የብሪታንያ ትንሿ ቤት አለች። በ1900 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጨረሻ ነዋሪዋ ቁመቱ 1.90 የሚደርስ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ልጆች ይህን ሲሰሙ በጣም ይገረማሉ። መግቢያው ርካሽ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ከመሐል ከተማ ናት። ከግንቡ ትቀድማለች፤ የመነኮሳት ገዳም ነበረች፣ ኤድዋርድ ከተማውን ሲሠራ መነኮሳቱን ወደ ሜናን አዛወራቸው።

ከ1576 እስከ 1585 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፕላስ ማውር የሀብታም ነጋዴ ቤት ነው። የጣሪያና የግድግዳ ጌጡን ቀለም በቀለም ስላደሱት፣ እኔ ከግንቡ ውስጥ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በብርዱ ወራት ይዘጋል፤ ትንሿ ቤትም እንዲሁ።

የ1826ቱን (እ.ኤ.አ.) የመሐንዲሱ ቴልፎርድ ተንጠልጣይ ድልድይም በእግር ተሻገሩት። ምሰሶዎቹ ግንቡን እንዲመስሉ ሆነው ነው የተሠሩት።

መልስ 1
ቀን መምረጥ ከቻላችሁ መስከረም 13 (በፈረንጅ) የማር ገበያ አለ፤ ንብ አናቢዎች ዋናው ጎዳና ላይ ይሸጣሉ። ማሩ ከቀትር በፊት ስለሚያልቅ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ግንቡን ለከሰዓት አቆዩት።