የዓሣ ገንዳዬ ፓምፕ ተቃጠለ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ልግዛ?

ባለገንዳው፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ድረሱልኝ። የጓሮዬን የዓሣ ገንዳ የሚያጣራው ፓምፕ ሌሊት ተቃጥሎ አደረ። ጠዋት ስወጣ ግቢው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፣ ሞተሩ እጅ አያስነካም፣ ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጋሉ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ነበር። ባለሱቁ «አንሶህ ነው፣ ባለ አንዱን ውሰድ» አለኝ። አንድ ይበቃል ወይስ አንድ ተኩል? ከሰዓት መርካቶ እገባለሁ፣ ቶሎ በሉኝ።

ጾመኛው፦ ፓምፑ ይቆይ፣ ለለብለብ የሚሆን ስንት አለ? ሎሚና ቃሪያ ከኔ።

ፊውዝ፦ ካፓሲተሩ ነው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ። ቀይረው።

ባለገንዳው፦ ካፓሲተር አይደለም ወንድሜ፣ የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ጠቁሯል። ጾመኛው፣ አታስቀኝ፣ ሁለት ሞተዋል።

ጋሽ ኩሬ፦ ልጄ፣ ከፓምፑ በፊት ዓሣህን አድን። ሌሊት አልጌውም ዓሣውም ኦክስጅን ይሻማሉ፣ ስለዚህ ንጋት ላይ ነው ውሃው ባዶ የሚሆነው። ቢሾፍቱ ከሆንክ ደግሞ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ይህን ማንም አይነግርህም። የዛሬ ልጆች ገንዳ ቆፍራችሁ ሸራ አንጥፋችሁ ዓሣ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ስልክ። ለማንኛውም ዛሬ ምግብ አትስጣቸው። በባልዲ ውሃውን እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስ፣ ሲፈነጥቅ አየር ይገባዋል። አንድ አራተኛውን ቀይር። ግን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ቢያንስ አንድ ቀን በበርሜል ተከፍቶ ይቆይ፣ በቀጥታ እንዳትለቅባቸው።

የቡታጅራው፦ እኔ የማይገባኝ ፓምፕ ለምን እንደሚያስፈልግ ነው። አባቴ ለዓመታት ቆሮሶ ዓሣ ያረባው ያለ አንዲት ሽቦ ነበር። ዓሣህ በዝቷል፣ ግማሹን ሽጥ፣ ችግሩ አለቀ።

ባለገንዳው፦ የአባትህ ገንዳ ወራጅ ውሃ ይገባበት ይሆናል። እኔ ጋ ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ያው ውሃ ነው የሚዞረው።

የቡታጅራው፦ ወራጅ ነበር፣ እሱስ ልክ ነህ። ቢሆንም በዝቷል።

ቧንቧው፦ ቆይ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ገንዳው ስንት በስንት ነው? ማጣሪያው ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ ይላል? ዓሣውስ ስንት ነው?

ባለገንዳው፦ 4 በ3፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር። ቆሮሶ 150 ገደማ፣ እየደለበ ያለ። ማጣሪያው ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው፣ ስፖንጅና ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አለው። ውሃው የሚገባበት ከገንዳው ውሃ በላይ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል።

ቧንቧው፦ እንግዲያው ባለሱቁን እርሳው። ፈረስ ጉልበት አትቁጠር፣ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚሰጥህ ጠይቅ። ገንዳህ 12 ሺህ ሊትር ነው። ይህን ያህል ዓሣ ካለ ውሃው ቢያንስ በሁለት ሰዓት አንዴ በማጣሪያው ማለፍ አለበት፣ በሰዓት አንዴ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ስለዚህ የምትፈልገው በሰዓት ቢያንስ 6 ሺህ ሊትር ነው፣ ያውም 1 ሜትር ተኩል ወጥቶ። የተቃጠለው ፓምፕህ ውሃ ወደ ፎቅ ታንከር የሚገፋው ዓይነት ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እየው፣ በደቂቃ 35 ወይ 40 ሊትር፣ ከፍታ 35 ሜትር ምናምን ይላል። 40 ሊትር ማለት በሰዓት 2,400 ነው። ገንዳውን አንዴ ለማዞር አምስት ሰዓት! ታንከር ሞልቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፣ 24 ሰዓት አይደለም። ውስጡ ውሃውን የሚገፋው መዘውር ከመያዣው ጋር ተጠጋግቶ ስለሚዞር ትንሽ ቅጠልና ጠጠር ይነክሰዋል። ባለ አንዱን ብትገዛም በወር ውስጥ እዚሁ እንገናኛለን።

የምትገዛው ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ነው፣ ለኩሬ የተሠራውን፣ ቆሻሻ የሚያሳልፈውን። ካርቶኑ ላይ 10 ሺህ ሊትር በሰዓት፣ ከፍታ 4 ወይም 5 ሜትር የሚል ካገኘህ አንተ ጋ ሲደርስ 6 ሺህ አካባቢ ይሰጥሃል። ካርቶኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች አንድ ላይ አይገኙም፣ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ውሃው ዜሮ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ፊውዝ፦ ካፓሲተሩን ግን አይተኸዋል?

ሒሳብ ሹሟ፦ መብራቱንም ቁጠሩት እንጂ። አንድ ፈረስ ጉልበት 750 ዋት በሉት፣ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በወር 540 ኪሎዋት ሰዓት። የጠላቂው 100 ዋት ቢሆን 72 ነው። ታሪፉ ደግሞ በበላህ ቁጥር ይወደዳል። እኔ በቢል ነው የተማርኩት፣ ባለቤቴ እስካሁን ዓሣዎቹን «ልጆችሽ» ነው የሚላቸው።

ባለገንዳው፦ እሺ ይኼ ገባኝ። ቧንቧውስ? ያለኝ ግማሽ ኢንች ነው።

ቧንቧው፦ ጣለው። በግማሽ ኢንች ጥሩ ፓምፕም ይታነቃል። ወደ በርሜሉ መግቢያው 40 ሚሊሜትር ይሁን፣ ከበርሜሉ መውጫው ግን 75። በመውጫው ውሃው በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው፣ ቧንቧው ከጠበበ በርሜሉ ሞልቶ እየፈሰሰ ስትተኛ ገንዳህን ባዶ ያደርገዋል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ጎረቤቴ ነው የቀሰቀሰኝ። ፓምፑንም ወለል ላይ አታስቀምጠው፣ ብሎኬት ላይ ይቁም። ቱቦ ቢፈታ እንኳ ከታች ትንሽ ውሃ ይቀርላቸዋል። ገጥመህ ስትጨርስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መመለሻው ሥር ያዝና ቁጠር። በ12 ሰከንድ ከሞላ 6 ሺህህን አግኝተሃል።

ጋሽ ኩሬ፦ ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ እንዳታጥብ። በገንዳው ውሃ ነው። ያ ቡናማው ዝልግልግ ቆሻሻ አይደለም፣ ውሃውን የሚያጸዳልህ ባክቴሪያ ነው፣ ሠራተኛህ ነው። መብራት ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ በበርሜሉ የተኛውን ውሃ መጀመሪያ ውጭ ድፋው።

ሒሳብ ሹሟ፦ እጅህን ከመክተትህ በፊት ደግሞ ንቀል። በማጥፊያው ብቻ አትመን፣ ሶኬቱን ንቀል። 30 ሚሊአምፔር የሆነ የሊኬጅ ብሬከርም (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋውን) አስገባ፣ ከፓምፑ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

ባለገንዳው፦ ተባረኩ። ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሱቁ ጋ ደርሼ ካርቶኑን ፎቶ አነሳላችኋለሁ።

ቧንቧው፦ እሺ። ሳትከፍል ላክ።

ጾመኛው፦ ሦስት ቀን ሆነ እኮ። ፎቶውስ? ዓሣዎቹስ?

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ እኔም 2 ሺህ ሊትር ታንከር ውስጥ አምባዛ አለኝ፣ ፓምፑ ይጮኻል ግን ውሃ አያወጣም። ምን ይሆን?

ፊውዝ፦ ካፓሲተሩን አይተኸዋል?