በሁሴን ቤተሰብ መሳቅ ይቻላል?

የኒው ጀርሲዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ነምበር ዋን ሃፒ ፋሚሊ ዩኤስኤ» የሚለውን አኒሜሽን ያያችሁ አላችሁ? በ2025 አማዞን ፕራይም ላይ የወጣ ነው። የሠሩት ራሚ ዩሱፍና ፓም ብሬዲ ናቸው። ስምንቱንም ክፍል በሁለት ማታ ጨረስኩት። ላላያችሁ፦ ኒው ጀርሲ የሚኖር ግብጻዊ ቤተሰብ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2001 ነው። በማግስቱ ኒው ዮርክ ላይ የደረሰውን ጥቃት ታውቁታላችሁ። አባትየው ሁሴን ሁሴን ይባላል። ሐኪም ነበር፣ አሁን በጋሪ ሐላል ምግብ ይሸጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ጺሙን ተላጭቶ ከአሜሪካኖቹ በላይ አሜሪካዊ ካልሆንኩ ይላል። ሚስትየዋ ደግሞ ጭራሽ ሂጃብ ትጀምራለች። እኔ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ባለቤቴ ግን «በእኛ እያላገጡ አንቺ ትስቂያለሽ?» አለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አቡ ሰሚር፦ ባለቤትሽ ልክ ነው። የእናትየዋን ስም ማን አሉት? ሸሪዓ! እስቲ ሸሪዓ የምትባል ሴት የሚያውቅ አለ? ፖለቲከኛ ሁሉ ሕዝብ ሲያስፈራራበት የኖረውን ቃል ለአንዲት እናት ሰጧት። ሴት ልጃቸው ደግሞ በድብቅ ሴት የምትወድ ናት። ይሄ ነው እንግዲህ የሙስሊም ቤት ተብሎ ለዓለም የሚታየው።

ነጃት፦ ወንድሜ፣ ቀልዱ እኮ ስሙ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሲፈራ የኖረው ሸሪዓ ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ የምታነሳ ሴትዮ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ዓይተኸው ከሆነ ከቤት ሲወጡ መልካቸው ይለወጣል፤ ሥዕሉ ራሱ ይቀየራል። እኔ ያንን ሳይ ደነገጥኩ። ሥራ ቦታ የማወራበት ድምፅ ቤት ከማወራበት ይለያል። እናንተስ?

ሹፌሩ፦ እናንተ ልጆች፣ እኔ በ2001 ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ስሜ መሐመድ ነው። የታክሲው መታወቂያ ተሳፋሪ በሚያየው ቦታ ነው የሚሰቀለው። አንዷ በሩን ከፈተች፣ ስሜን አነበበች፣ መልሳ ዘግታው ሄደች። ክፉ ቃል እንኳ አልወጣትም። በሳምንቱ ትንሽ ባንዲራ ገዝቼ መኪናው ላይ አደረግኩ። ሰውዬው ጺሙን ሲላጭ ልጆቼ በማን እንደሚስቁ እኔ አውቃለሁ።

ታሪክ ወዳዱ፦ ጋሼ መሐመድ የሚሉት በቁጥርም አለ። ኤፍቢአይ በ2000 በሙስሊሞች ላይ የተፈጸመ ብሎ የመዘገበው የጥላቻ ወንጀል 28 ነበር። በ2001 ወደ 481 ወጣ። የተመዘገበው ብቻ ነው ይሄ። ሴፕቴምበር 15 አሪዞና ሜሳ ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ ነዳጅ ማደያው ደጃፍ ላይ ሲገደል ሙስሊም እንኳ አልነበረም። ሲክ የሚባለው የሕንድ እምነት ተከታይ ነው፤ ያስገደለው ጥምጣሙ ነው። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ያሉ የ25 አገር ወንዶች ጣት አሻራ ስጡ ተባሉ። ግብጽ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ኤርትራም ጭምር። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረች ብዙዎቻችን ሳናየው አለፈ፤ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ግን አይረሱትም።

የሲያትሉ፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ሲምፕሰንስ የሚባለው የአሜሪካ ካርቱን ላይ አፑ የሚባል ሕንዳዊ ባለሱቅ ነበር። ድምፁን ለ30 ዓመት ያህል የሠራው ሃንክ አዛሪያ ሕንዳዊ አይደለም። ብዙ ተወቅሶ በ2020 ተወው። እዚህ ግን ራሚ ዩሱፍ የአባትየውንም የወንድ ልጁንም ድምፅ ራሱ ነው የሚሠራው። ለእኔ ሰማይና ምድር ነው።

አቡ ሰሚር፦ የቤት ልጅ ገመና ሲያወጣ ገመና መሆኑ ይቀራል?

ነጃት፦ ገመናው የማን ነው ግን? ጺሙን ያስላጨው ማነው? እኔ የምስቀው በፍርሃቱ ነው፣ በሰውዬው አይደለም። ደሞ ስለ ፈረንጅ ብቻ አናውራ። የሐበሻ ምግብ ቤት ሂጃብ አድርጌ ስገባ «ኢትዮጵያዊ ነሽ እንዴ?» ብሎ በእንግሊዝኛ የጠየቀኝ የአገሬ ልጅ ነው። በአማርኛ ስመልስለት የሆነው ፊት ካርቱን ይሠራበታል።

አቡ ሰሚር፦ 😂 እሱስ እኔንም ገጥሞኛል። ቢሆንም ለልጆቼ አላሳይም።

የኒው ጀርሲዋ፦ ለልጆችማ አይሆንም፣ ስድብ የበዛበት የአዋቂ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ግን አይተውታል?

ሹፌሩ፦ የለም። ልጄ ስልኩ ላይ ትንሽ ነው ያሳየኝ። ጺሙን የሚላጨው ስንተኛው ክፍል ላይ ነው? ቤቱ ባዶ ሲሆን ብቻዬን ልየው።