ብቻዬን ዴልሂ፣ አግራና ጃይፑር ልሄድ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ (የቦሌዋ)
ሰላም እህቶቼ። በጥር ወር ህንድን ብቻዬን ልዞር ነው። ቲኬት ቆርጫለሁ። እናቴ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። እኔንም ከኤርፖርት መውጣቱ፣ ባቡሩና የማታው ነገር ያሳስበኛል። የሄዳችሁበት ካላችሁ ከምን ልጀምር?

መልስ (ፑኔ የተማረች)
እህቴ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሆቴል እዚሁ ሆነሽ ያዢ። አድራሻውንና ስልኩን ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ስልክሽ ቢዘጋ ይጠቅምሻል። ቀን ከደረስሽ ከተርሚናል 3 የኤርፖርቱ ሜትሮ በቀጥታ ኒው ዴልሂ ጣቢያ ያደርስሻል። እኩለ ሌሊት ካለፈ ግን ኡበር ጥሪ፣ ወይም ሆቴሉ መኪና እንዲልክልሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። «ሆቴልሽ ተዘግቷል፣ መንገዱ ታጥሯል፣ የተሻለ ላሳይሽ» የሚል ሹፌር ወይም መንገደኛ ሊያጋጥምሽ ይችላል። በዴልሂ የቆየ ማታለያ ነው። ራስሽ ሆቴሉ ጋ ደውዪ። ባቡር ጣቢያውም ላይ «የቱሪስት ቢሮ ላሳይሽ» ብሎ ከግቢው የሚያስወጣሽን አትከተዪ።

ሜትሮ ላይ በጉዞው አቅጣጫ የመጀመሪያው ፉርጎ የሴቶች ብቻ ነው። ምልክቱ መቆሚያው ላይ አለ። የሌሊት ባቡር የግድ ከሆነብሽ የላይኛውን አልጋ ምረጪ። እንደ ታችኛው ሰው አይቀመጥበትም፣ ዕቃሽንም ራስጌሽ ታደርጊዋለሽ።

መልስ (እናት ከመገናኛ)
ልጄ፣ የእኔም ልጅ ብቻዋን ትጓዛለች። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ የየሆቴሉን ስልክ፣ የባቡሩን ቁጥር ለእናትሽ ትተሽላት ሂጂ። በየማታው አንድ መልእክት ላኪ፣ ሰዓቱንም ወስኑ። ህንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ በየትኛው ሰዓት እንደምትነጋገሩ ይለይላችሁ።

ትልቁ ጉዳይ ግን መልእክቱ ቢቀር ምን ይደረጋል የሚለው ነው። እኛ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። ከዚያ እሷ ጋ፣ ቀጥሎ ሆቴሉ ጋ እንደውላለን። ሆቴሉም አላየኋትም ካለ ኤምባሲ። ይህ ቀድሞ ካልተነገረ አንዷ እናት በአምስት ደቂቃ አገር ታምሳለች፣ ሌላዋ ባትሪ ጨርሳ ይሆናል ብላ እስኪነጋ ትጠብቃለች። ሁለቱም አይበጅም።

መልስ (ሻንጣዬ)
ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ፦ ለማንኛውም አደጋ 112፣ ባቡር ላይ 139። ቀለበት አድርጊ፣ ባል አለኝ በይ የሚሉሽ አሉ። አይጎዳም። እኔ ግን የሆቴልሽን ስም ለማንም አለመናገርና ፎቶውን ከቦታው ከወጣሽ በኋላ መለጠፍ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቦሌዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የእናት ከመገናኛን ምክር ለእናቴ አነበብኩላት፤ አንድ ሰዓት የሚለው በዛብኝ ብላ በግማሽ ሰዓት ተስማምተናል። አግራን ዓርብ ደርሼ መልስ ባደርገውስ?

ፑኔ የተማረች
ዓርብ ታጅ ማሃል ዝግ ነው፣ ቀን ቀይሪ። ጋቲማን የሚባለው ፈጣን ባቡር ጠዋት ከሃዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ተነስቶ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ አግራ ያደርስሻል፤ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ግን በጥር የሰሜን ህንድ ጉም ከባድ ነው፣ ባቡር ለሰዓታት ይዘገያል። አመሻሽ የተባለው መመለሻ እኩለ ሌሊት ሊሆንብሽ ይችላል። እኔ ብሆን አግራ አድሬ በማግስቱ በቀን እመለሳለሁ።