ሽሮደር፦ ልብስ ሰፊ ወይስ በርሜል አውራጅ? እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። በጀርመን የዘር ሐረግ ፍለጋ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ተባበሩኝ። የባለቤቴ የቤተሰብ ስም ሽሮደር ነው፤ አያቶቹ የሃኖቨር አካባቢ ሰዎች ናቸው። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን መንገዱ ተዘግቶብኛል።

ስሙ በታችኛው ጀርመንኛ፣ ማለትም በሰሜን ጀርመን ቋንቋ፣ «መቁረጥ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። በሰሜን ጀርመን በጣም የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ቆራጭ፣ ማለትም ልብስ ሰፊ ማለት ነው። በደቡብ የዚሁ ሙያ ስም ሽናይደር ነው። በብራውንሽቫይግ ከተማ ዙሪያ ደግሞ የዚሁ ስም ሌላ አጠራር የሆነው ሽራደር የሚባሉ ብዙ ናቸው። የቸገረኝ፣ በአንዳንድ ከተሞች የወይንና የቢራ በርሜል ወደ ምድር ቤት የሚያወርዱ ሠራተኞችም በዚሁ ስም መጠራታቸው ነው።

በጥምቀት መዝገብ እስከ 1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሄጄ ቆምኩ። በአንድ ደብር ውስጥ ዮሃን ሃይንሪሽ ሽሮደር የሚባለው አባት በዝቶ የትኛው የእኛ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከአንደኛው ስም ቀጥሎ ሙያ የሚመስል ያጠረ ቃል አለ፤ ግን ኩረንት በሚባለው የድሮ የጀርመን እጅ ጽሑፍ «ኤ» (e) እና «ኤን» (n) የተባሉት ፊደላት ስለሚመሳሰሉ ላነበው አልቻልኩም። በዚያ ላይ በዚያ አገር እርሻ ያላት ሴት ያገባ ወንድ የእርሻውን ስም ይወስድ ነበርና፣ ስሙ በጋብቻ የገባም ሊሆን ይችላል።

ስመ ሞክሼዎችን እንዴት ትለያላችሁ? በክርስትና አባቶች ነው ወይስ በግብር መዝገብ? ኩረንት የሚያነብ ካለ የገጹን ፎቶ ዛሬውኑ እልካለሁ።