የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ጥርስ፦ ደሴ ይሻላል አዲስ አበባ?

የሐይቅ ልጅ፣ ጅዳ
አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ሐይቅ ነው ያሉት። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ፌኒቶይን ትወስዳለች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ አልሐምዱሊላህ ብዙም አይጥላትም። አሁን ግን ድዷ አብጦ የፊት ጥርሷን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። አንድ መንጋጋዋም ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። እህቴ ቪዲዮ ልካልኝ ነበር። ቆሎ አምሯት አንዷን ፍሬ ከጉንጭ ጉንጭ እያገላበጠች ቆየችና መልሳ እጇ ላይ ተፋቻት። አንጀቴ ተላወሰ።

ጥርስ የሚነቅሉበት ወስዳት ነበር። «የሚጥላትን ልጅ አንነካም» ብለው መለሷት። አሁን አዲስ አበባ ልውሰዳት፣ ብር ላኪልኝ ትላለች። እናታችን ደግሞ መድኃኒቱ ነው ያበላሻት፣ ይቅርባት እያለች ነው። እዚያው ደሴ አይሠራላትም? የሚነቀልላት ቀንስ መድኃኒቱን ትተወው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ስቶክሆልም
እህቴ አብሽሪ። የኔም ልጅ የሚጥለው ነው። እዚህ ስዊድን የልጆች የጥርስ ሕክምና በነጻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ካስፈለገ ወደ ልጆች ጥርስ ስፔሻሊስት ይላካል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ብዙ ይጠይቁናል። ምን መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም፣ መጨረሻ የጣለው መቼ ነው፣ ሊጥለው ሲል ምን ያሳያል፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል። እህትሽ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ቀጠሮም ጠዋት ይሁንላት። ልጅ እንቅልፍ ጠግቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ መድኃኒቱን ውጦ ሲሄድ ይሻላል። በስልክ ቀጠሮ የሚያዝበት ቁጥርም አለ፣ አስተርጓሚ ይመድባሉ...

የወልዲያ ልጅ፣ ቨርጂኒያ
ወንድሜ፣ የስዊድኑ ጥሩ ነው፤ ልጅቷ ግን ሐይቅ ናት። እኔ ነርስ ነኝ።

መድኃኒቱ አንድ ቀንም አይቋረጥ። የሚነቀልላት ቀንም ትውጠው። ፌኒቶይን በድንገት ሲቆም ሳያባራ የሚደጋገም መጣል ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ነፍስ ያጠፋል። እናታችሁ ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም የተናገሩት። ድድ ማሳበጥ የታወቀ የፌኒቶይን ጠባይ ነው። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ ማታ ከመተኛቷ በፊት በለስላሳ ብሩሽ እህትሽ ራሷ ትቦርሽላት። ድዱ ከባሰ ሐኪም ይቆርጠዋል፤ መድኃኒቱንም በሌላ ሊቀይረው ይችላል፣ ያውም ቀስ በቀስ። ያን የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ብቻ ነው።

ማደንዘዣ መርፌውን አትፍሩት። በሽታዋን አውቀው በልኩ ከሰጧት ችግር የለውም። ለሕመም ማስታገሻ አስፕሪንና ትራማዶል አይሰጣት። ትራማዶል መጣሉን ይቀሰቅሳል። ልጃችሁ ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ካላችሁ ደግሞ፣ ደም ቶሎ ላይረጋ ስለሚችል ከመነቀሉ በፊት የደም ምርመራ ጠይቁ።

ወንበሩ ላይ ከጣላት መሣሪያው ከአፏ ይውጣ፣ ወንበሩ ይዘርጋ፣ በጎኗ ትተኛ። አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ አጥብቀው አይያዟት። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ይቅር። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

የኮምቦልቻ ልጅ፣ ዱባይ
አላህ ያሽራት። አንቺ ሐይቅ ስትይ እኔ የጠዋቱን ብርድና የዓሣውን ጥብስ አሰብኩ፣ አገሬ ናፈቀኝ። ግን አንድ ነገር ልበል። ብሩን ለእህትሽ አትላኪ። እኔ ለእናቴ መታከሚያ ብዬ የላክሁት የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። ለሐኪም ቤቱ በቀጥታ ይከፈል።

የኩታበር ልጅ፣ ቶሮንቶ
ይሄ ነገር ከፋኝ። ልጇ ሌሊት የምታለቅስባትን እናት ከማን ጋር ነው የምታወዳድሪው? እኛ እዚህ ሞቀን ተኝተን እነሱን መጠርጠር ልማድ አደረግነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፣ ዱባይ
ማን ሞቆት ተኛ? የሰው ቤት እየጠረግሁ፣ እንቅልፌን ሸጬ ነው የምልከው።

የሐይቅ ልጅ፣ ጅዳ
እህቴን አምናታለሁ፣ እባካችሁ በሷ አትጣሉ። ስለ መድኃኒቱ ነግሬያታለሁ፣ አይቆምም። ደሴስ?

የወልዲያ ልጅ፣ ቨርጂኒያ
መጀመሪያ መድኃኒቱን ወደሚያዝላት ሐኪም ትሂድና ስለ ሕመሟና ስለ መድኃኒቷ የሚገልጽ የሪፈር ወረቀት ታጽፍ። ያን ይዛ ደሴ ሆስፒታል ትጠይቅ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር አለው። ለአውቶቡስ ሌሊት መነሣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መንገድ ላይ የመድኃኒት ሰዓት ማለፍ፣ ሁሉም መጣልን የሚጠራ ነው። ደሴ አይሆንም ካሉ ብቻ ትሂድ። ያኔም ቀደም ብላ ገብታ፣ አድራና ተኝታ።

የኩታበር ልጅ፣ ቶሮንቶ
ለአውቶቡሱና ለአልጋው እኔም የአቅሜን አዋጣለሁ። በእጇ ነው የምትቀበለው።

የኮምቦልቻ ልጅ፣ ዱባይ
እኔም አዋጣለሁ፣ ከልቤ። ግን ደረሰኝ ይምጣ ማለት ሰው መጥላት አይደለም።