ካርሲኖይድ ነው ሩማቲክ? በእጅና በጆሮ እንዴት ልለየው?

ፒያሳ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት እየተከታተልኩ ነው። ፊታቸውና ደረታቸው ድንገት ይግላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይተዋቸዋል። ላብ የለውም። ተቅማጡ ግን ሳይበሉ ቢውሉም አይቆምም። ግለቱ የማረጥ ነው ተብለዋል፤ ለተቅማጡ የአሜባ መድኃኒት ደጋግመው ወስደዋል። ለውጥ የለም።

ጠይም ስለሆኑ ቅላቱ ብዙም አይታይም፤ ሙቀቱን በእጄ ነው የማገኘው። አልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ እብጠቶች አሳየ። ካርሲኖይድ ሲንድረም (ሴሮቶኒንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም የሚለቅ ዕጢ የሚያስከትለው ሕመም) የጠረጠርኩት ያኔ ነው። የሴሮቶኒንን ተረፈ ምርት የሚለካ የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራ አዝዣለሁ። አቮካዶና ሙዝ ውጤቱን ስለሚያዛቡ አስቀድመው እንዲተዉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጁስ ቤት በየደጁ ባለበት ከተማ ቀላል አይደለም።

የሚያስጨንቀኝ ልባቸው ነው፤ ካርሲኖይድ የልብ ቫልቮችንም ሊጎዳ ይችላል። ከደረት አጥንታቸው በስተግራ፣ ወደ ታች፣ መርመር (ያልተለመደ የልብ ድምፅ) እሰማለሁ፤ አየር ሲስቡ ይጎላል። የአንገት ደም ሥራቸው ተወጥሯል፣ እግራቸው አብጧል። እኛ አገር መርመር ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው ሩማቲክ (የጉሮሮ ኢንፌክሽንን ተከትሎ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ሕመም) ነው፤ ትክክልም ነው። ሩማቲክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የማይትራል (በግራ ልብ ያለው ቫልቭ) መርመር ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ቀጠሯቸው ገና ነው። እስከዚያ በአካል ምርመራ ብቻ ወደ ካርሲኖይድ አጥብቆ የሚያዘነብለኝ የትኛው ምልክት ነው?