ትልቅ ፎቶ በኦንላይን ለማሳጠብ የትኛው ድርጅት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ጥምቀት አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ እናትና አባቴን በነጭ የአገር ልብስ አጊጠው ጎን ለጎን እንደተቀመጡ በስልኬ አንስቻቸው ነበር። ይህን ፎቶ በ24 በ36 ኢንች አሳጥቤ ሳሎናቸው ውስጥ እንዲሰቀል እፈልጋለሁ። ቀድሞ ኮስትኮ አሳጥብ ነበር፤ አሁን አገልግሎቱ የለም። በኦንላይን የሚሠሩት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፣ ዋጋቸውም በእጅጉ ይለያያል። የምታውቁትን ብትጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ጤና ይስጥልን እህታችን። ኮስትኮ በመደብሮቹ ውስጥ የነበሩትን የፎቶ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2021 ዘግቶ፣ በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኦንላይኑን አገልግሎት አቁሞ ደንበኞቹን ወደ ሸተርፍላይ መርቷል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ሥራ ይሠራ ስለነበር ተተኪ የሚፈልጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እርስዎ ላሉበት አካባቢ የመጀመሪያ ምርጫዬ ኔሽንስ ፎቶ ላብ ሲሆን ሁለተኛው ኤምፒክስ ነው። ይሁን እንጂ ከድርጅቱ በፊት ፋይሉን መመርመር ይገባል፤ ፋይሉ ደካማ ከሆነ የትኛውም ድርጅት አያድነውም።

ብዙ ስልኮች የሚያነሱት ባለ 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ 4032 በ3024 ፒክሰል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ይህ ወደ 36 ኢንች ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 112 ፒክሰል ገደማ ይደርሰዋል። በእጅ ይዘው ለሚያዩት ፎቶ 300 የሚፈለግ ቢሆንም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከሁለት ሜትር ለሚያይ ሰው 112 አያሳፍርም። ይልቅ የሚያሳስበኝ የቅርጹ ጉዳይ ነው። የስልክ ፎቶ አራት ለሦስት ሲሆን 24 በ36 ግን ሦስት ለሁለት ስለሆነ፣ ከፎቶው ቁመት አንድ ዘጠነኛው ይቆረጣል። ወላጆችዎ ተቀምጠው በአግድም የተነሱ ከሆነ የሚቆረጠው ከላይ ወይም ከታች ነው፤ የአባትዎ ራስ ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር፣ ወይም የእናትዎ ቀሚስ ጥለት እንዳይጠፋ ከማዘዝዎ በፊት በስክሪኑ ላይ ቆራጩን ራስዎ ያስተካክሉት። 18 በ24 ኢንች ከስልክ ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላለው ምንም አይቆረጥበትም፣ በኢንችም 168 ፒክሰል ያገኛል። ግድግዳው በጣም ሰፊ ካልሆነ እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ።

ፎቶውን ከቤተሰብ የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ መልሰው አውርደውት ከሆነ ግን ይተዉት። እነዚህ መተግበሪያዎች በተለመደው አላላክ ፎቶውን በእጅጉ ያሳንሱታል። ዋናው ስልክዎ ላይ ካለ እሱን ይጠቀሙ፤ ሌላ ሰው ዘንድ ከሆነም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ይላክልዎ።

አሁን ወደ ድርጅቶቹ ልመለስ። እንደ ሸተርፍላይና ስናፕፊሽ ያሉት ለብዙኀኑ የሚያትሙ ናቸው። ቅናሽ የማይለያቸው ስለሆነ በሙሉ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም፣ ለልጆች ልደትና ለአልበም ፎቶም ይበቃሉ። ለእርስዎ ፎቶ ግን አልመርጣቸውም፤ ምክንያቱም በዚህ ዋጋ የሚሠራ ድርጅት እያንዳንዱን ፎቶ በሰው ዐይን አያይም፣ የቀለሙን ማስተካከያ የሚሠራው ማሽን ነው። የኛ ሰው በነጭ ሸማ ተነስቶ ሲሆን ደግሞ ማሽኑ የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው። ነጩ ልብስ የፎቶውን ሰፊ ክፍል ሲይዝ ማሽኑ ፎቶው ከልክ በላይ የበራ መስሎት ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ያን ጊዜ ፊት ይጠቁራል፣ ዐይን ይጠፋል። ወይም ፊቱን ብቻ አይቶ ያበራውና የጠይም ሰው መልክ አመድማ ይሆናል፣ የነጠላው ድርና ማግ ደግሞ ተደምስሶ ልብሱ ባዶ ነጭ ወረቀት መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የትም ቢያሳጥቡ፣ በራሱ የሚሠራውን የቀለም ማስተካከያ ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ያጥፉት።

ኔሽንስ ፎቶ ላብ የሚገኘው ከባልቲሞር በስተሰሜን፣ በሃንት ቫሊ ነው። ኤምፒክስ ደግሞ በካንሳስ፣ ፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው የሚለርስ ንብረት ነው። ሁለቱም የባለሙያ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ የሚያጥቡ ሲሆኑ፣ ለተራ ደንበኛም ክፍት ናቸው። የተለመደውን ህትመት በቀለም መርጫ ማሽን ሳይሆን በብርሃንና በኬሚካል፣ በእውነተኛ የፎቶ ወረቀት ላይ ይሠሩታል፤ የፊት ቀለም ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሸጋገር ያለው ልስላሴ በዚህ አሠራር ያምራል። በባለሙያ ዐይን የሚደረግ የቀለም እርማትንም እንደ አማራጭ ያቀርባሉ። እርማቱን ሲያዝዙ በማስታወሻው ቦታ ላይ ቆዳው እንዳይነጣ፣ የልብሱ ሽመናም እንዳይጠፋ ብለው በግልጽ ይጻፉ። ኔሽንስን ያስቀደምኩት ለእርስዎ ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ጥቅልል ረጅም መንገድ በተጓዘ ቁጥር የመታጠፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ካሊፎርኒያ ያለው ቤይ ፎቶ በአሉሚኒየም ላይ በሚያትመው ሥራው የታወቀ ነው። የሰሜን ተራሮችን ወይም የጣናን ፎቶ ለማሳጠብ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነበር፤ ለወላጅ ፎቶ ግን የብረቱ አንጸባራቂነት ይከብዳል ባይ ነኝ። ሚኒሶታ ያለው ዋይት ሃውስ ከስተም ከለርም እጅግ ጥሩ ነው፣ ሆኖም አገልግሎቱ ለባለሙያዎች የታሰበ ስለሆነ ለአንድ ፎቶ ብሎ እዚያ መመዝገቡ አድካሚ ነው። ካንቫስ (በእንጨት ላይ የሚወጠር ሸራ) የፋይሉን ድክመት ይሸፍናል፤ ነገር ግን የፎቶው ጠርዝ በእንጨቱ ዙሪያ ስለሚታጠፍ በአራቱም ጎን ትርፍ ቦታ ይፈልጋል።

ከወረቀቶቹ ላስተር የሚባለውን፣ በመጠኑ ብቻ የሚያብለጨልጨውን ይምረጡ። ግሎሲ፣ ማለትም በጣም የሚያብለጨልጨው ወረቀት፣ በመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ የሚታየው መስኮቱ ነው።

ከሁሉም በላይ አደራ የምልዎት ይህን ነው። ትልቁን ከማዘዝዎ በፊት የእናትዎን ፊት ከነጠላዋ ጠርዝ ጋር ከዋናው ፋይል ላይ 1120 በ896 ፒክሰል አድርገው ይቁረጡና በ8 በ10 ኢንች ከሁለቱም ድርጅቶች ያሳጥቡት። ይህ ቁራጭ ባለ 36 ኢንቹ ፎቶ ላይ ያ ቦታ በትክክል የሚኖረውን መልክ ያሳያል፣ ወጪውም ከትልቁ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሁለቱን ቀን በመስኮት ብርሃን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ። የጥለቱ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ አድልቶ እንደሆነ፣ የሽፋሽፍቱ ክር ከጥላው ተለይቶ ይታይ እንደሆነ፣ የነጠላው እጥፋት አሁንም እጥፋት መሆኑ ይታወቅ እንደሆነ ይመልከቱ። የተሻለው ራሱ ይነግርዎታል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ በዝርዝር የመለሰልኝ አልነበረም። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜም ለራሱ አንድ ቅጂ ይፈልጋል። ከዚህ ልላክለት ወይስ እዚያው ያሳጥብ? ለወላጆቼስ እዚሁ ፍሬም አስገብቼ ይዤው ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድምዎ እዚያው ያሳጥብ፤ ፋይሉን ብቻ ይላኩለት። ኮሎኝ አጠገብ ፍሬኸን ያለው ዋይትዎል በጥራቱ የተመሰከረለት ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቀለል ያለ ዋጋ ከፈለገ ሴቬ (CEWE) የተባለውን ድርጅት ይሞክር፤ ዲኤም (dm) በሚባሉት የጀርመን የመዋቢያና የቤት ዕቃ መደብሮች በኩል ማዘዝ ይችላል።

ለወላጆችዎ የሚሆነውን ፍሬም እዚህ አያስገቡ። አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት የርዝመት፣ የስፋትና የውፍረት ድምር በተለምዶ 158 ሴንቲሜትር ነው። 24 በ36 ኢንች ብቻውን 152 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ፍሬሙና ማሸጊያው ሲጨመሩበት ያልፋል፣ መስታወቱ ደግሞ መንገድ ላይ የመሰበር አደጋ አለው። ፎቶው ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ በጠንካራ የካርቶን ቱቦ እንዲላክልዎ ይዘዙና ቱቦውን በእጅዎ ይዘው ይግቡ፤ ለበረራዎ የእጅ ሻንጣ የተፈቀደውን ርዝመት ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ፍሬም ሠሪዎች በልክ ስለሚሠሩ መጠኑ አያስቸግራቸውም። ሲያዝዙ በፎቶው ዙሪያ አንድ ኢንች ነጭ ጠርዝ ይተዉ፤ ፍሬሙ የሚይዘው ነጩን እንጂ የልብሱን ጥለት አይሆንም። እዚያ ሲደርሱም ወዲያው ከቱቦው አውጥተው፣ በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩት፤ ተጠቅልሎ የቆየ ወረቀት ሳይዘረጋ ፍሬም ከገባ መሐሉ ያብጣል።